ለእትዬ ኡርቬ፦ የጅራት ቦታ ክፍት ነው

ይቀመጡ እትዬ ኡርቬ! ኧረ አይነሡ። ወንበሩን እኔ አስጠጋለሁ፣ ጭማቂውን ዱዋርቴ ይቀዳል፣ መስኮቱም ምንም አልሆነም። ዛሬ የእርስዎ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መቀመጥ። ከባለቤትዎ ከጋሽ ሄይኖ ጋር ተወራርደናል። እሳቸው «ንግግርሽን ሳትጨርሺ አምስት ጊዜ ትነሣለች» አሉ፤ እኔ «ከሦስት አይበልጥም» አልኩ። የተሸነፈ የዛሬውን ሳህን በሙሉ ያጥባል። ይኼ አንድ ተብሎ ተቆጥሯል። እባክዎ አያዋርዱኝ።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ትሪኑ እባላለሁ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ የእግር ጉብኝት ቢሮ ውስጥ ከእኔ የምታንስ ድመቷ ብቻ ናት፤ እሷም የምትሰማው እትዬ ኡርቬን ነው። ንግግሩ ለእኔ የደረሰኝ በችሎታ አይደለም። ሌሎቹ አስጎብኚዎች ሁሉ ፈርተው ነው። አለቃችን ጋሽ ኩልዳር ሳይቀሩ «አንቺ ብትናገሪ ይሻላል፤ ልጅ ነሽ፣ ይቅር ትልሻለች» ብለው እነሆ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ቆመዋል። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው!

እንዲህ ያለ ንግግር የሚጀመረው ተሸኚው ሥራ የገባበትን ቀን በማንሣት ነው አሉ። እኔ ያን ቀን አልተወለድኩም፤ እናቴም ገና የትምህርት ቤት ቦርሳ ትሸከም ነበር። ስለዚህ ጋሽ ኩልዳርን ጠየቅኩ። ነገሩ እንዲህ ነው።

የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ይኼ ቢሮ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የማይሠራ ስልክ ነበር። አስጎብኚውም፣ አለቃውም፣ ጠራጊውም ጋሽ ኩልዳር ናቸው። በሩ ተበረገደና የሚታጠፍ የእንጨት ሜትር በእጃቸው የያዙ ሴትዮ ገቡ።

«ዛሬ ጠዋት ባሕሩ ዳር ካለው ትልቁ ደረጃ ላይ ስታስጎበኝ የነበርከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ኩልዳር ፈገግ ብለው። ሊያደንቁኝ መጡ ብለው እኮ ነው!

«አርባ ሁለት ደረጃ አለው ብለሃል።»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«አርባ አራት ነው። የሣልኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ኡርቬ የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ ነበሩ። የሚሠሩበት ቢሮ የተዘጋው በዚያው ሳምንት ነው። ጋሽ ኩልዳር በማግስቱ ሥራ ሰጧቸው። «ለምን ቀጠሯቸው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ዝም እንድትልልኝ» አሉኝ። ይኸው ሠላሳ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ጋሽ ኩልዳር አሁንም ተስፋ አልቆረጡም።

ሠላሳ ሁለት የሚለውን ቁጥር ያዙልኝ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ኩልዳር ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ጽጌረዳ ብለው፣ ሠላሳ ሁለት አበባ ታቅፈው፣ እያፏጩ ገቡ። ሁላችንም ደነገጥን። ከሊዝበን የመጣው አዲሱ ባልደረባችን ዱዋርቴ ብቻ «እንዴት ያምራል!» እያለ እቅፉን ተቀበላቸው። እዚህ አገር ለሕያው ሰው የሚሰጥ አበባ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ ተቆጥሮ ጥንድ ጥንድ የሚሆነው ለመቃብር ነው ብዬ ስነግረው፣ እቅፉን እንደ ትኩስ ድስት ጠረጴዛው ላይ ለቀቀው። ጋሽ ኩልዳር ታሊን ተወልደው፣ ታሊን አድገው፣ ሴትዮዋን ከነሕይወታቸው ሊቀብሯቸው ነበር! አንዷን መዝዤ አወጣሁ። እትዬ ኡርቬ የታቀፉት ሠላሳ አንድ ነው። የቀረችው ይቺውና፣ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ናት። በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለት! ጋሽ ኩልዳር ሹካ ስለጣሉ ነው የተነሡት? ሹካውን እሳቸው ያንሡት። ጋሽ ሄይኖ፣ ሹራባቸውን ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ እንጂ! አይ፣ ለካ መነሣታቸው ለእርስዎ ነው የሚበጅዎት። ዱዋርቴ፣ አንተ ያዝልኝ።

ከእትዬ ኡርቬ ጋር የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። እሳቸው አይራመዱም፤ ያመልጣሉ። ሜትራቸውን ዘርግተው ወደ ላይ ያነሡና «ተከተሉኝ» ይላሉ። ቃሉ ጆሮህ ሲደርስ እሳቸው መንገዱን ተሻግረዋል። አንድ ጊዜ ከፊንላንድ የመጣ የጡረተኞች የእግረኛ ማኅበር ነበር፤ ዱላቸው፣ ጫማቸው፣ ኮፍያቸው ሁሉ የስፖርተኛ ነው። ከዐሥራ ስድስቱ ሰባቱ ጠፉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባቡር ጣቢያው ገበያ ውስጥ፣ አይብ የምትሸጠዋ ሴትዮ ዘንድ ተቀምጠው ተገኙ። መሪያቸው ጋሽ ኩልዳርን ምን እንዳላቸው ታውቃላችሁ? «ሴትዮዋን ማን ነው የሚያሳድዳት?»

የጅራት ሥራ የተፈጠረው ያን ቀን ነው። ጅራት ማለት ከቡድኑ መጨረሻ እየሄደ ማንም እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ሰው ነው። በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ ስለመኖሩ እንጃ። የመጨረሻዋ ጅራት እኔ ነበርኩ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ። የሥራ ቃለ መጠይቄ እንዲህ ነበር።

«መሮጥ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እየሮጥሽ መብላትስ?»

«እንጃ።»

«ትለምጃለሽ።»

ለመድኩ። ጥቁር ዳቦ ላይ የተደረደረችውን ትንሿን ዓሣ፣ ከነእንቁላሏ፣ የባቡር ሐዲድ እየተሻገርኩ ሳላንጠባጥብ እበላለሁ። አያቴ ይኼንን አይታ እናቴን «ልጅቷን ወታደር ቤት ነው እንዴ ያስገባሻት?» አለቻት።

ደግሞ የድሮውን ከተማ ነገር ላንሣ። ሰው ከዓለም ዳርቻ የሚመጣው ግንቦቹን ሊያይ ነው አይደል? እትዬ ኡርቬ ለግንቦቹ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። አንድ ጀርመናዊ ጎልማሳ በትሕትና «እመቤት፣ ያ ማማ በስተኋላችን…» ሲላቸው፣

«እሱ የትም አይሄድም! ስድስት መቶ ዓመት ቆሟል፣ ከምሳ በኋላም ይቆማል። ይኼ መስታወት ግን ባለፈው ማክሰኞ አልነበረም። ፎቶ አንሣው!»

ሰውየው አነሣው። ያነሣው የአንድ ባንክ የኋላ በር ነበር።

ሌላዋ ሴትዮ ደግሞ፣ በጣም ጨንቋት፣ መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። «ከሁለት ሕንፃ በኋላ በስተግራ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ሜትሩን ዘርግተው፣ ሕንፃው ወፍጮ ቤት እንደነበረ፣ ጡቡ ከየት እንደመጣ፣ ግድግዳው ስንት ሳንቲሜትር ውፍረት እንዳለው… ሴትዮዋ ግራ እግሯን በቀኝ እግሯ እየረገጠች አዳመጠች። መጨረሻ ላይ ያጨበጨበችው ለትምህርቱ አይመስለኝም።

አሁን ወደ አጥሩ ልምጣ። ከእሳቸው ጋር የሄደ ሁሉ ጉብኝቱ በምን እንደሚያልቅ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ባሕሩም አይደለም። በዚያ ሳምንት የሚገነባ ሕንፃ ያለበት ቦታ ሄደው፣ የሳንቃ አጥሩ ላይ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ከዚያ ሃያውን ሰው አሰልፈው አንድ በአንድ በቀዳዳው ያሳያሉ።

«ምን ይታይሃል?»

«ጉድጓድ።»

«ጎበዝ። ሌላስ?»

«ጭቃ። አንድ ሰውዬ ሻይ ይጠጣል።»

«በጣም ጎበዝ። ታዲያ ይቺ ከተማ አለቀች?»

ሃያው ሰው በሃያ ዓይነት አነጋገር «ገና ነው!» ብሎ ይጮኻል። ጉብኝቱ በቃ፣ እዚያ ላይ ያበቃል።

ዱዋርቴ፣ ነገሩ ለአንተ አዲስ ነው፤ እኛ ጡት እየጠባን የሰማነው ነው። ከከተማው በላይ ባለው ሐይቅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ይኖራል። በየመኸሩ ይወጣና ከከተማው በር ቆሞ «ከተማችሁ አለቀ?» ብሎ ይጠይቃል። «አለቀ» ያልነው ቀን ሐይቁን ለቆ ያሰጥመናል። ስለዚህ የታሊን ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «ገና ነው፣ ብዙ ይቀራል።» ትስቃለህ? አምና ጥቅምት እኔም ስቄ ነበር።

ያን ቀን እትዬ ኡርቬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜትሩን ሰጥተውኝ «ዛሬ አንቺ ፊት፣ እኔ ጅራት» አሉኝ። ያካፋል፤ የመንገዱ ድንጋይ ሳሙና የተቀባ ይመስላል። ድሮ ወፍጮ ቤት ወደነበሩት ሕንፃዎች፣ አደባባዩ ጋ ደረስን። እኔ ደረቴን ነፍቼ ሳብራራ አንድ ካፖርቱ ውኃ የሚያንጠባጥብ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመ።

«ልጄ፣ ይቺ ከተማ በመጨረሻ አለቀች?»

«አዎ አባባ!» አልኩት። «የመጨረሻውን አጥር ትናንት አነሡት። አልቃለች!»

ከኋላ የተሰማውን ጩኸት እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። «ገና ነው! ገና ነው! ጣሪያው ይቀራል! ደረጃው ይቀራል!» እትዬ ኡርቬ ሃያ አንድ ሆላንዳዊ በሁለት ክንዳቸው እየገፉ፣ እየሮጡ መጡ። ደግሞም ደረሱ፤ ግን በእግራቸው አልነበረም። ተንሸራትተው ከሽማግሌው እግር ሥር ወደቁ። ሽማግሌው የትራም ነጂ የነበሩ ሰውዬ ናቸው፤ ሚስታቸውን ከሱቅ እስክትወጣ እየጠበቁ ነበር። አንሥተዋቸው ሲያበቁ «ደኅና ነዎት?» ቢሏቸው፣ እሳቸው ምን አሉ? «መጀመሪያ ገና ነው በል!» ሰውየው «ገና ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው አምቡላንስ የተጠራው።

በአራተኛው ቀን አደባባዩ ሥር ያለው የውኃ ቧንቧ ፈነዳ። ውኃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። አጥሩም ተመልሶ ተተከለ። ከሆስፒታል ስልክ ተደወለልኝ። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም። «ነግሬሻለሁ» ብለው ዘጉት።

ሁላችሁም ይኼን ታሪክ እየሳቃችሁ ታወሩታላችሁ። እኔም አወራዋለሁ፤ አሁንም እንዳስቃችሁ። ግን እሱን አስቂኝ ለማድረግ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ምክንያቱም የእትዬ ኡርቬ ጉልበት የተጎዳው ያን ቀን ነው። ሐኪሙ «በድንጋይ መንገድ ሦስት ሰዓት መሄድ ከእንግዲህ የለም» ያላቸው በዚያ ጉልበት የተነሣ ነው። ዛሬ እዚህ የተሰበሰብነው፣ ይኼ ድንች ሰላጣ የተሠራው፣ እኔ አንድ ቃል ስለተሳሳትኩ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። በአጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር ልናገር እልና ቀልድ ይቀድመኛል።

እትዬ ኡርቬ፣ ይቅርታ።

አይ፣ ቁጭ ይበሉ። ሦስት። ቁጭ ይበሉ፣ ገና አልጨረስኩም፤ ድምፄም እንዲህ የሆነው ጭማቂው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው።

ከወደቁ በኋላ እኔ ሥራውን ትቼ ነበር። ይኼን ከጋሽ ኩልዳርና ከእሳቸው በቀር ማንም አያውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ቤታችን ተንኳኳ። አምስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። በሩን ስከፍት በሁለት ምርኩዝ ቆመዋል፤ ፊታቸው እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል።

«ዘጠና ስድስት ደረጃ ነው» አሉኝ። «አራተኛው ፎቅ ላይ አንዱ ከሌሎቹ ያጥራል። አናጢው ሰክሮ ነበር።»

«እትዬ ኡርቬ፣ በዚህ እግርዎ!»

«ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሃያ ሁለት ሰው አለ።»

«አልችልም።»

«ማን ችሎ ያውቃል?»

«እግርዎን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? የሮጥኩትም የወደቅኩትም እኔ ነኝ። አንቺ ቆመሽ ነበር፤ ጥፋትሽ እሱ ነው። አስጎብኚ አይቆምም። ሻይ አለ?»

ሻዩን ቆመው ጠጡ። እናቴ ሦስት ጊዜ ወንበር አቀረበችላቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ «ልሄድ ነው» እያሉ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሙ። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ፊት ነኝ።

ታዲያ ጋሽ ኩልዳር የጉብኝቱ መንገድ እንዳይረሳ ፈልገው፣ እትዬ ኡርቬ እያንዳንዱን ማቆሚያ በቁጥር በደብተር እንዲጽፉልኝ ጠየቋቸው። ክረምቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጠው… ይቅርታ፣ ቢሮ ቆመው ጻፉ። «ጨረሱ?» ስላቸው «ገና ነው»። በሚቀጥለውም ሳምንት «ገና ነው»። ባለፈው ሰኞ ሰጡኝ። ዐሥራ አራት ገጽ፣ ሁሉም በእስክሪብቶ ተሰርዟል። አንዱ ገጽ ላይ የመጨረሻው ማቆሚያ ወደቡ ነው፤ ያ ሕንፃ ሲያልቅ ሰርዘውታል። ሌላው ላይ ትራም መዞሪያው ነው፤ እሱም ተሰርዟል። ዐሥራ አምስተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ። «ትሪኑ፣ አጥር ፈልጊ።»

ጋሽ ኩልዳር አንብበው «ይኼ ምን መመሪያ ነው!» አሉ። እኔ ግን ከዚያ በላይ አልፈልግም።

አሁን አንድ ምስጢር ላወጣ ነው። ጋሽ ሄይኖ፣ «አደራ» እንዳሉኝ አውቃለሁ። ይቆጡኝ። የጡረታው ወረቀት ከመጣ ጀምሮ እትዬ ኡርቬ በማለዳ ተነሥተው የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዞራሉ። ጋሽ ሄይኖ ቁርሳቸውን እየበሉ ሠላሳ ዙር ቆጥረዋል። ሐሙስ ዕለት ከዙሩ መሐል ቆም ብለው ጠየቋቸው።

«ሄይኖ፣ እኔ አሁን አለቅሁ ማለት ነው?»

ጋሽ ሄይኖም እንደ አገራችን ባል ሁሉ ብዙ አሰቡ፤ ከዚያ ድንች መላጥ ጀመሩ። መልሱ ስለጠፋቸው ነው እኔ ዘንድ የመጡት። ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከእኔ ምክር ሲጠይቁ እጃቸው ኮፍያቸውን ይጨምቅ ነበር።

እትዬ ኡርቬ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዓለም ዙሪያ የመጣውን ሰው ሁሉ አንዲት መልስ አስተምረው፣ ለራስዎ ጠፋብዎት?

እንግዲህ ያቺን ሠላሳ ሁለተኛዋን አበባ አምጡልኝ። አመሰግናለሁ፣ ዱዋርቴ። ሠላሳ ሁለት ጥንድ ነው። በጥንድ ቁጥር የሚሸኘው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ እዚህ ቁጥር ላይ እርስዎን መሸኘት አይቻልም፤ የአገር ወግ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። ቢያንስ ሠላሳ ሦስተኛው ዓመት ያስፈልጋል።

እኔ ፊት ከወጣሁ ጀምሮ የጅራት ቦታ ክፍት ነው። የሥራውን ደንብ የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ላንብበው። «አስጎብኚ ከጅራቱ ፈጥኖ አይሄድም። በየማዕዘኑ ጅራቱ እስኪደርስ ይቆማል። ጅራቱ ደከመኝ ካለ ሁሉም ይቀመጣል።» ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላከበሩትም! እኔ ግን አከብረዋለሁ። ጉልበትዎ አደባባዩ ጋ ተቀመጪ ካለዎት፣ ሃያ ሁለት ሰው ከነቦርሳው አደባባዩ ጋ ይቀመጣል። የድንጋዩን ዳገት እንተወዋለን፤ በባሕሩ ዳር በለስላሳው መንገድ እንሄዳለን፤ አርባ አራቱን ደረጃ ከታች ሆነው ይቆጥሩልናል። ሲያምዎት እቤት ይቀራሉ፤ ቦታውን ድመቷ ትይዝልዎታለች። ሦስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጉብኝት አራት ሰዓት ይፍጅ። ጋሽ ኩልዳር፣ ዓይንዎን አያጉረጥርጡብኝ። የጅራት ደመወዝ በቀን አንድ የቀረፋ ዳቦ ነው፤ እሱን ይችላሉ።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግርዎታል። ከፊት የሚሄደው ሰው ሲሳሳት ከኋላ መስማት። እንደምሳሳት ቃል እገባለሁ። ሲሰሙኝ ግን አይሩጡ። ካሉበት ሆነው ይጩኹ፤ ድምፅዎ እንደሆነ ጉልበት የለውም፣ አይሰበርም።

አመሰግናለሁ። ደረጃ መቁጠር ስላስተማሩኝ፣ ለግንብ ጀርባ መስጠት ስላስተማሩኝ፣ ዘጠና ስድስቱን ደረጃ ስለወጡልኝ። ጤናውን ይስጥዎት። ጉልበትዎ ይጠገን፤ ጋሽ ሄይኖም ቁርሳቸውን ሳይዞርባቸው ይብሉ።

አሁን ሁላችሁም ብርጭቆ አንሡ። ጋሽ ኩልዳር፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ይውጡ። እትዬ ኡርቬ፣ ይቺን ጽጌረዳ እኔ አልሰጥዎትም፤ ሠላሳ ሁለት ይሆንብዎታል። ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሜትሩ ጫፍ ላይ አስሬ እይዛታለሁ፤ ከኋላ ሆነው እንዲያዩኝ።

ጥያቄው ይቺው ናት። ልክ እንደ አጥሩ ነው፤ እኔ ልጠይቅ፣ እርስዎ ይመልሱ። እትዬ ኡርቬ፣ አለቀ?

…አልተሰማም! ሐይቁ ድረስ!

…ሰማችሁ? ሰምታችኋል! ቆመው ነው ደግሞ ያሉት! አራት ሆነ፤ ከሦስት በለጠ። በቃ ጋሽ ሄይኖ፣ ሳህኑን አጥባለሁ።

ለጤናዎ፣ ጅራታችን!